ጥለት፦ «ፓተርን» ለሚባለው ነገር የቀረበ ቃል

ባለፈው ጥር አጎቴ የልጁን የሠርግ መጥሪያ ሊያሳትም ቆሰበር ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይዞኝ ገባ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ባዶውን ካርድ ከፍቶ «አባባ፣ ዳር ዳሩን ምን ዓይነት ፓተርን ላድርግበት?» ሲል ጠየቀው። አጎቴ ወደ እኔ ዞረና «ምን አለ?» አለኝ። ላስረዳው አፌን ከፍቼ ቃል አጠረኝ። «ጌጥ» እንዳልለው የአንገት ሐብልም ጌጥ ነው። «ሥዕል» ብለው ሌላ ነገር ይሆናል። «ዲዛይን» ብለው ደግሞ ፈረንጅኛውን በፈረንጅኛ መተርጎም ነው። በመጨረሻ «እንደ ነጠላ ጥለት ያለ፣ ዳሩን ይዞ የሚሄድ ነገር» አልኩት። «ታዲያ እንዲያ አይልም!» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ወጣቱ ከኢንተርኔት ያወረዳቸውን አንድ በአንድ አሳየን። ጽጌረዳ አለ፣ ወርቃማ ጥምዝምዝ አለ፣ ልብ የመሰለ ቅጠል አለ። አጎቴ ግን ስክሪኑን ትቶ ሽቅብ ያያል። የክፍሉ ኮርኒስ የቀርከሃ ምንጣፍ ነው፤ አንዱ ስንጥቅ በሌላው ላይ እየወጣና እየወረደ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚሮጥ መስመር ሠርቷል። «ይኸስ ምን ነውር አለበት?» አለ።

ያን ቀን ላጣሁት ቃል ነው ይህን የምጽፈው።

በግራፊክ ዲዛይን ፓተርን የሚባለው፣ አንድ ትንሽ ቅርጽ በታወቀ ደንብ እየተደጋገመ ገጽን ሲሞላ ወይም ዳርን ሲይዝ የሚፈጠረው መልክ ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የሚደጋገም ፍሬና የሚደጋገምበት ደንብ። ፍሬው ነጥብ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ማዕዘን ወይም አንዲት አበባም ሊሆን ይችላል። ደንቡ ደግሞ «ሁለት ዝለልና አንድ ድገም» ወይም «ረድፉን በወረድክ ቁጥር አንድ ወደ ቀኝ ግፋ» እንደማለት ነው። ደንቡን የያዘ ሰው ያላየውን ቀሪ ክፍል ያውቀዋል። ከሥዕል የሚለየውም ይኸው ነው። የሥዕል ግማሹ ቢቀደድ የጠፋው ምን እንደነበር ከሠዓሊው በቀር የሚያውቅ የለም፤ የነጠላን ዳር ግማሹን ፍየል ብትበላው ግን ሸማኔ የቀረውን አይቶ ይጨርሰዋል።

(ልብስ ሰፊዎችም «ፓተርን» ይላሉ፤ ለእነሱ ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

አማርኛው ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። ችግሩ እጩዎቹ መብዛታቸው ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው «ንድፍ» ሲሆን፣ እሱ ግን ተይዟል። የ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 123 ስለ ፈጠራ ሲደነግግ «ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ» የሚለውን ለራሱ ለዲዛይኑ ሰጥቶታል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንኳ «ዲዛይን» የሚለውን እንዳለ በስሙ ላይ ይዞታል። ያም ሆነ ይህ «ንድፍ» ለዲዛይን ይቆይ፤ ሁለት ሥራ ብንሰጠው ሁለቱንም ያበላሻል።

ሁለተኛው «ሐረግ» ነው፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ይመስለኛል። የብራና ጸሐፊዎች በምዕራፍ ራስ ላይ የሚሥሉት፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ገመድ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የሚመስለው ጌጥ ሐረግ ይባላል። ግን ዛሬ አንድ ተማሪ ሐረግ ሲባል የሚታየው የሰዋስው መምህሩ ነው፤ ገበሬ ከሆነም አጥር ላይ የምትጠመጠመዋ ተክል። «ጥበብ» ደግሞ የቀሚሱን ዳርም፣ ኪነ ጥበቡንም፣ የሰሎሞንን ማስተዋልም ተሸክሞ ጎብጧል። «ጥልፍ» አልቆ በቀረበ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሠራ ስለሆነ የአሠራር ስም እንጂ የመልክ ስም አይደለም።

ጥለት ይቀራል። ጥለት ከሸማው ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። ድሩ ተወጥሯል፣ ነጩ ማግ በመወርወሪያ ይመላለሳል። ዳር ሲደርስ ሸማኔው ባለ ቀለሙን ማግ ያስገባና የድሩን ክሮች እየቆጠረ የትኛውን እንደሚያነሳ፣ የትኛውን እንደሚተው ይወስናል። ቀለሙ በተነሡት ክሮች ሥር ይደበቃል፤ በተተዉት ላይ ብቅ ይላል። እንግዲህ ጥለት ቆጠራ ነው። ፍሬ አለው፣ ደንብ አለው፣ አጎቴም ያውቀዋል። ለአንድ ቃል ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት አላገኝለትም።

አንድ ተቃውሞ ከወዲሁ ይታየኛል። «ጥለት የዳር ነው፤ ጨርቁን ሙሉ የሚሸፍነውን ጥለት ልትለው ነው?» የሚል ሸማኔ አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። ግን ቃል ከዳር ወደ መሃል ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጃፓኖች በሦስት አቅጣጫ ተሸርቦ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ የሚተወውን የቀርከሃ ቅርጫት ሥራ «ካጎሜ» ይሉታል፤ «ካጎ» ቅርጫት፣ «ሜ» ዓይን ማለት ነው። እኛም የወንፊትን ቀዳዳ ዓይን እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1951 አንድ ጃፓናዊ የፊዚክስ ሊቅ አተሞች በዚያ ቅርጽ ቢደረደሩ ምን እንደሚሆን የሚያሰላ ጽሑፍ ሲያሳትም ለቅርጹ ሌላ ስም አልፈለገም። ዛሬ የዓለም የፊዚክስ ተመራማሪ ሁሉ ቃሉን ሳይተረጉም «ካጎሜ» እያለ ይጽፋል። ከቅርጫት ሠሪ ደጃፍ ተነሥቶ ቤተ ሙከራ የገባ ቃል ካለ፣ ከሸማኔ ጉድጓድ ተነሥቶ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ ቃል አያስደነግጠንም።

ወደ ኮርኒሱ ልመለስ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚያ ነውና።

ቆሰበር፣ በመንግሥት ወረቀት እንጅባራ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዓይነት አላት፦ ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋው። ቆሰበር የደጋው አገር ነች። በአስፋልቱ ዳር ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው፣ ቅርጫቱ ተደርድሮ ይሸጣል። ባለ መኪናው ቆሞ ይገዛል፤ እኛ የከተማው ሰዎች ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው አናየውም።

ከጽሕፈት ቤቱ ወጥተን አንድ በዕድሜ የገፉ ቀርከሃ ሠሪ ዘንድ ሄድን። እንደ ነገሩኝ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ አይቆረጥም፤ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይበላዋል። የደረሰው ከላይ እስከ ታች በቢላዋ ይሰነጠቃል፣ አንጓው ይላጋል፣ ስንጥቁ ይሳሳል። እዚህ ላይ ልብ ያላልኩትን አንድ ነገር አሳዩኝ። እያንዳንዱ ስንጥቅ ሁለት ፊት አለው፤ የውጭው ቆዳ ያብለጨልጫል፣ የውስጡ ደብዛዛ ነው። ያለ ምንም ቀለም ሁለት ቀለም አለ ማለት ነው። ምንጣፉ ብርሃን ሲነካው የሚያወዛውዘው ይህ ነው።

«ደንቡ ምንድን ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ሁለት አንሣ፣ ሁለት ተው። ቀጥሎ ስትመጣ በአንድ እለፍ። ይኸው ነው» አሉ፤ ቆጠራቸውን ግን በአዊኛ ነበር የሚያደርጉት።

በእርግጥም ይኸው ነው። አንድ አንሥቶ አንድ መተው የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ገጽ ይሰጣል። ሁለት ሁለት እያደረጉ በየረድፉ አንድ መግፋት ሰያፍ መስመር ይወልዳል። ከጥቂት ረድፎች በኋላ ግፊያው ወደ ግራ ቢዞር መስመሩ ይታጠፍና እንደ ተራራ ጫፍ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ሠሪው ተራራ ልሣል ብሎ አልተነሣም፤ ተራራውን የወለደው ደንቡ ነው። በካሬ ደብተር ላይ ብትሥሉት የሰያፉ ምንጣፍ ሙሉ ምሥጢር አራት በአራት፣ 16 ካሬ ብቻ ነው። ያንን 16 ካሬ ደጋግሞ መላ ክፍል መሸፈን ይቻላል። አጠገባቸው የሚማር ልጅ አንድ ቦታ ሦስት አንሥቶ ነበርና ስህተቱ ከሩቅ እንደ ስብራት ይታያል። አላስፈቱትም። «ኮርኒስ ነው፣ ማን ሽቅብ ያያል» ብለው ሳቁ።

ይህን ካዩ በኋላ ቤት መግባት ችግር ነው፤ ዓይን አያርፍም። እናቴ ቴሌቪዥኑን ያለበሰችው ዳንቴል ጥለት ነው። ዳንቴል በኪሮሽ ሲሠራ ከጎረቤት እንዴት እንደሚቀዳ ያየ ሰው የዲዛይን ትምህርት በነፃ ወስዷል፤ ማንም ፎቶ አያነሣም፣ ዓይኖቹ ይቆጠራሉ። «እትዬ፣ ይቺ ስንት ዘላ ነው ጽጌረዳዋ የምትጀምረው?» ይባላል። የመሶቡ ጥለት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። መሶብ ከመሃል ተጀምሮ እየተጠመጠመ በወስፌና በአለላ የሚሰፋ ስለሆነ ጥለቱ በረድፍ ሳይሆን በዙር ያድጋል። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስፌቱ ይበዛል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ጠብታ የምታህለው ቀይ ቁራጭ ዳር ስትደርስ ሰፊ ሦስት ማዕዘን ሆና ትወጣለች። የመሶብ ጥለት ፀሐይ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሠሪዋ የቁራጮቹን ቁጥር የወሰነችው ገና መሶቡ መዳፍ ሳያህል ነው።

ጥር 23ም አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ከተማዋ በፈረስ ትሞላለች። የፈረሶቹ ግላስና ልጓም በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክርና ዘርፍ ይንቆጠቆጣል። አንድ ፈረስ ብቻውን ጌጥ ነው። መቶው ተሰልፎ ሲያልፍ ግን ያ ዘርፍ፣ ያ ቀለም፣ ያ ርቀት ሲደጋገም ሜዳው ራሱ ጥለት ይሆናል። (ይህ ትንሽ ማጋነን ሳይሆን አይቀርም፤ የአገው ልጅ ስለ ፈረስ ሲያወራ ይቅር ይባላል።)

እንግዲህ ግራፊክ ዲዛይን የሚሠሩ ወጣቶች «ኢንስፒሬሽን» የሚሉት፣ መነሻ ሐሳብ ፍለጋ፣ ኢንተርኔት ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ግን መነሻ መውሰድና መለጠፍ ይለያያሉ። የመሶብ ፎቶ አንሥቶ ኩባያ ላይ ማተም ኩባያውን መሶብ አያደርገውም፤ ፎቶ ያለበት ኩባያ ነው። ከውጭ ታትሞ የሚመጣው «የሐበሻ ልብስ» የጎደለውም ይኸው ነው። ጥለቱ ከሩቅ ልክ ነው፤ ሲጠጉት ግን ማግ የለውም፣ ጨርቁ ላይ የፈሰሰ ቀለም ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ሳባሃር የጠረጴዛ ልብስና ፎጣ የሚሠራው በእጅ ሽመና ነው፤ ገበያው ተለወጠ እንጂ ድርና ማጉ እዚያው አለ። የወረቀት ሥራ ላይ ማግ የለንም፤ ደንቡን ግን መውሰድ እንችላለን። መቁጠር፣ ካሬ ደብተር ላይ መሣል፣ ትንሹን ፍሬ ማግኘት፣ ከዚያ ከዕቃው ጋር የሚስማማ መጠንና ቀለም መስጠት ነው ሥራው።

ያን ዕለት ያደረግነውም ይህንኑ ነው። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስንመለስ ወጣቱ 16ቱን ካሬ በገለባና በቡና ቀለም ሠርቶ በካርዱ ዙሪያ አስኬደው። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። አጎቴ ወደደው። ሙሽራው ግን፣ ላልዋሽ፣ ጽጌረዳው ይሻል ነበር ብሏል።

ቃሉን በሥራ ላይ ለማየት ያህል፦ «ባለ ጥለት መጋረጃ»፣ «የካርዱ ጥለት ተደጋግሞ አሰለቸኝ»፣ «ጥለቱን አሳንሰው»፣ «ኮምፒውተሩ በፎቶው ውስጥ ጥለት ይለያል» ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ለጆሮ ትንሽ ይቆረቁር ይሆናል፤ «ፓተርን»ም ሲመጣ ቆርቁሮ ነበር።

ለጥለቱ በጠቅላላው ቃል አገኘን፤ ለየዓይነቱ ግን ገና ነን። ዳማ መሳዩን፣ ሰያፉን፣ ሽቅብ ቁልቁሉን፣ ፀሐይ መሳዩን እኔ እዚህ እየዞርኩ ገለጽኩ እንጂ በስም አልጠራኋቸውም። ሸማኔው፣ ቀርከሃ ሠሪው፣ ስፌት ሰፊዋ ግን ይጠሯቸዋል፤ በአማርኛም በአዊኛም። እናንተ ቤት ያለው መሶብ ወይም ዳንቴል ጥለቱ ስም ካለው፣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልን።