ከፉትስክሬይ አልፎ ያለው ባህር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። በአውስትራሊያዋ ሜልበርን በስተምዕራብ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር አለ። የእኛ ሰው እዚያ ሲደርስ ከባቡር ይወርዳል። ለምን አይወርድ? እንጀራው እዚያ፣ በርበሬና ሽሮው እዚያ፣ ቡናው እዚያ፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኘውም እዚያ ነው። ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ ባቡሩ በሩን ዘግቶ መንገዱን ይቀጥላል። ሴዶንን፣ ያራቪልን፣ ስፖትስውድን፣ ኒውፖርትን አልፎ ሄዶ ሄዶ ሐዲዱ ሲያልቅበት ይቆማል። የሚቆመው ከባህር አፋፍ ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የማወጋችሁ ስለዚያ የመጨረሻ ሰፈር ነው፤ ስሙ ዊሊያምስታውን ይባላል።

አንዲት እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጡ እንበል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። እዚያ አገር በጋው የሚገባው፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳው ያኔ ነው። የገና ጾምም በዚሁ መሀል ነው። ልጅቱ በሥራ ትባክናለች፤ የልጅ ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ እናት መስኮት ሥር ተቀምጠው የጎረቤት አጥር ያያሉ። ቅዳሜ ሲደርስ የሚወሰዱት ወደ ገበያ ማዕከል ነው። ስንቷን እናት እንዲህ የሱቅ መስታወት ስናስቆጥር ከርመን ሸኘን! ይህ ነገር ዘወትር ያንገበግበኛል። ባህሩ ደጃችን ነው፤ ከባቡር ቲኬቱ ሌላ ምንም አይጠይቅም።

እንግዲህ እንሂድ። አስቀድማችሁ ባቡሩን ለዩ። መስመሩ ኒውፖርት ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ዌረቢ፣ ሌላው ወደ ዊሊያምስታውን ይታጠፋል። ዌረቢ የሚለው ላይ ተሳፍራችሁ ቢሆንም አትደንግጡ፣ ኒውፖርት ወርዳችሁ ትቀይራላችሁ። ዋና የፈለገ ከመጨረሻው በፊት ባለው ዊሊያምስታውን ቢች በተባለው ጣቢያ ይወርዳል። እኛ ግን እናታችንን ይዘናል፣ ረሀብም ይኖራል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንሂድና ኔልሰን ፕሌስ የሚባለውን ጎዳና ይዘን በእርጋታ እንራመድ።

ጎዳናው በአንድ ወገን ሆቴልና ምግብ ቤት ነው፣ በሌላው ወገን ሣርና ውኃ። ቤቶቹ ያረጁ ናቸው፤ ጥቂቶቹ አዲስ አበባ ላይ አጥርና መሠረት በምንሠራበት ዓይነት ጥቁር ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። አገሩ ከጥንት የቡነሮንግ ሕዝብ ነው። እንግሊዞች በ1837 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) መሬቱን ቀይሰው ሲሸነሽኑ ሜልበርንን በጠቅላይ ሚኒስትራቸው፣ ይህችን ደግሞ በንጉሣቸው በዊሊያም አራተኛ ስም ሰየሟት። ወደቧ እሷ ነበረች፤ ታላላቆቹ መርከቦች በወንዙ ወደ ከተማው መዝለቅ ስላልቻሉ መልሕቃቸውን የሚጥሉት እዚሁ ፊት ለፊት ነበር። በ1851 ወርቅ ተገኘ ሲባል መርከበኛው ሥራውን እየጣለ ወደ ወርቁ ሮጠ፣ መርከቦቹም ሰው አልባ ሆነው ባሕረ ሰላጤው ላይ ቆሙ። በ1854 የአውስትራሊያ የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ሽቦ የተዘረጋው ከሜልበርን እስከዚህች ሰፈር ነው። በ1865 ደግሞ ሼናንዶዋ የምትባል የጦር መርከብ ለጥገና ገባች። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ወገን የምትዋጋ ነበረች፤ ሹማምንቷ ግን ግብዣ ተደርጎላቸዋል፣ ስትወጣም የዚሁ አገር ሰዎች ተቀጥረውባት ሄዱ። ጥቁር ሰው ሆኖ በዚያ ወደብ የሚሄድ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው እላለሁ።

መናፈሻውን አቋርጣችሁ ጄም ፒር ወደተባለው የእንጨት መድረክ ስትደርሱ አመድማ ቀለም የተቀባች የጦር መርከብ ታስራ ታገኛላችሁ። ካስልሜይን ትባላለች። የተሠራችው እዚሁ ሰፈር ባለው የመርከብ ማነጫ ሲሆን፣ በ1941 ውኃ ላይ ወርዳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግላለች። ዛሬ ሙዚየም ናት፤ በጎ ፈቃደኞች ይንከባከቧታል፣ ቅዳሜና እሑድ ሰው ይገባባታል። ልጆቹን ወደ ሞተር ክፍሉ አውርዷቸው፤ መርከበኛው እግሩን አጥፎ የሚተኛበትን አልጋ፣ ቧንቧውን፣ መዘውሩን ይዩ። መሰላሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ እናታችንን አይሆንም። እሳቸው ዛፍ ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ ይበሉ፤ ከውኃው ማዶ የሜልበርን ፎቆች ተሰልፈው ይታያሉ።

“እማማ፣ ነፋሱ በረደዎት?” ይላል አንዱ የልጅ ልጅ።

“የለም ልጄ፣ ነፋሱ መድኃኒት ነው” ይላሉ፤ ነጠላቸውን ግን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ከሰዓት በኋላ ከባህሩ የሚነሳው ነፋስ በሙቅ ቀን እንኳ ድንገት ያቀዘቅዛል፤ ጋቢ ይዞ የሄደ ያተርፋል።

አሁን ወደ ምግቡ እንግባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ኔልሰን ፕሌስ ላይ ጣሊያኑም፣ አይስክሬሙም፣ ቁጭ ብለው የሚበሉበት የባህር ምግብም አለ። የዚያ አገር የባህር ዳር ምግብ ግን አንድ ነው፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ሣር ላይ የሚበላ ዓሣና ድንች ጥብስ። ድንቹን ስታዝዙ “ሚኒመም ቺፕስ” በሉ። ከሁሉ ትንሹ ትእዛዝ ማለት ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ሲፈታ ብዛቱን ታያላችሁ፣ ለልጆቹ ይተርፋል።

ዓሣው ላይ ግን ጆሯችሁን ስጡኝ። ሜልበርን ውስጥ ዝም ብላችሁ ዓሣ ስጠኝ ካላችሁ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ “ፍሌክ” ነው። ፍሌክ የሻርክ ሥጋ ነው፤ ጋሚ ሻርክ ከሚባለው ትንሽ ሻርክ የሚገኝ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ እሾህ የሌለው ስለሆነ ለሕፃን የሚስማማ ነው፣ ይጣፍጣልም። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም የሚል ሰው አለ፤ እንደ አምባዛ ያለውን በኦሪቱ ሕግ የሚተው። እናታችን ከነዚያ ከሆኑ ሳይነግሯቸው ማብላት ነውር ነው። ለእሳቸው ዋይቲንግ ወይም ፍላትሄድ ጠይቁላቸው፤ ሁለቱም ባለ ቅርፊት ናቸው። በዱቄት ሳይነከር በፍም የተጠበሰ የሚሠሩም ቤቶች አሉ።

ጾመኛም አደራ ይጠይቅ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው በየቤቱ የሚለያይ ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። ድንቹ ግን የሁሉም ጉዳይ ነው። አንዳንዱ የቆየ ቤት የሚጠብሰው በዘይት ሳይሆን በበሬ ሞራ ነው። ጥርት ያለ ጣዕም ይሰጣል ብለው ይኮሩበታል እንጂ አይደብቁትም፤ “በምንድን ነው የምትጠብሱት?” ብትሏቸው ወዲያው ይነግሯችኋል። ሙስሊም ወንድምና እህትም ይህንኑ ይጠይቁ፤ በተጨማሪም የዓሣው ሊጥ በቢራ የተለወሰ የሚሆንበት ቤት አለና እሱንም ይጠይቁ። ጥያቄ አያሳፍርም፤ ሳይጠይቁ ቀርቶ ሣሩ ላይ ሌሎቹ ሲበሉ ማየት ነው የሚያሳዝነው።

ከቤት ይዞ መሄድም ክብር ነው። ጠዋት ፉትስክሬይ ላይ እንጀራ ገዝታችሁ፣ በሽሮ ፍትፍት አድርጋችሁ፣ ድፎ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብትሄዱ ማንም ምንም አይላችሁም። ከዓሣው ጥብስ ጎን የዳጣ ብልቃጥ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ምን እንዳገኘ ራሱ ይንገራችሁ! ወፎቹን ተጠንቀቁ፤ የባህር ወፍ ከልጅ እጅ ድንች ይነጥቃል። አንዴ ከሰጣችኋቸው መንጋው ሁሉ ይወርድባችኋል። ቡና ያማራችሁ ደግሞ ካፌ ገብታችሁ “ፒኮሎ” በሉ፤ የአዲስ አበባን ማኪያቶ ከሚያስታውሱት አንዱ እሱ ነው።

ከምግብ በኋላ እግሩ የሚችል በባህሩ ዳር እየዞረ ፖይንት ጌሊብራንድ ወደሚባለው ጫፍ ይሂድ። እዚያ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ የእስረኞች ጉልበት የፈሰሰበት ግንብ ቆሟል። በመጀመሪያ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ግንብ ነበር። ከ1861 ጀምሮ ግን አናቱ ላይ ትልቅ ኳስ ተሰቅሎ፣ በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ልክ 7 ሰዓት ላይ ቁልቁል ይለቀቅ ነበር። መርከበኞቹ ከሩቅ ሆነው ኳሱ ሲወርድ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ፤ ሰዓታቸው ከተዛባ ውቅያኖስ ላይ ያሉበትን ቦታ ማስላት አይችሉምና። ሥራው እስከ 1926 ዘልቋል።

ከዚያ ወዲያ የመዋኛው ዳርቻ ነው። ከዊሊያምስታውን ቢች ጣቢያ የሚመጣ ሰው በ1860 ለሕዝብ በተከፈተው የዕፅዋት አትክልት ውስጥ አልፎ፣ በዘንባባዎቹ መሀል ወርዶ ይደርስበታል፤ ያ መንገድ ብቻውን ሽርሽር ነው። አሸዋው ሰፊ አይደለም፣ ግን ያምራል። ሜልበርን ያለችበት ፖርት ፊሊፕ የተባለው ባሕረ ሰላጤ 1,930 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም አፉ ጠባብ ስለሆነ የውቅያኖሱ ማዕበል እንዳለ አይገባበትም። ለጀማሪ የተመቸ ውኃ ነው።

የተመቸ ማለት ግን የማያሰጥም ማለት አይደለም። ይህን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው። አብዛኞቻችን ያደግነው ከባህር ርቀን ነው፤ ወንዝ ላይ የዋኘ ቢኖርም እናቶቻችን ውኃ ሲያዩ የሚሉት “ተመለሱ!” ነው። ልጆቻችን ግን ባህር የከበባት አገር ዜጎች ናቸው፤ ጓደኞቻቸው ይገባሉ፣ እነሱም ተከትለው ይገባሉ። ስለዚህ በጋው ሳይገባ በየሰፈሩ ባለው የመዋኛ ገንዳ ትምህርት አስመዝግቧቸው፤ የሒሳብ አስጠኚ የምንቀጥረውን ያህል የዋና አስተማሪም ይገባቸዋል። ዳርቻው ላይ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ተተክሎ ካያችሁ በሁለቱ ባንዲራዎች መሀል ብቻ ይዋኙ፤ ነፍስ አድኖቹ ዓይናቸውን የሚጥሉት እዚያ ላይ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ውኃው ውስጥ አትግቡ፤ የከተማው ቦይ ሁሉ ጠራርጎ የሚያፈስሰው ወደዚያ ነው፣ ቀን ሁለት ቀን ይለፈው። ስለ ልብስ የምትጨነቁ እህቶች አትጨነቁ። ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ፈረንጁም ልጁን ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ያለብሳል፤ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ እዚያ ብርቅ አይደለም።

እናታችንስ? ጫማቸውን አውልቀው ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይግቡ፤ ሴት ልጃቸው እጃቸውን ትያዝ። “ጨው ነው ወይ እውነት?” ብለው ጣታቸውን ነክረው ይቀምሳሉ። ተዉ አትበሏቸው።

ብስክሌት ያላቸው ጎረምሶች ካሉ ወደ ምዕራብ ትንሽ ሲነዱ ጆውቦን የሚባል ጥብቅ ቦታ ያገኛሉ። ቦታው ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ የተኩስ ልምምድ ሜዳ ስለነበር አጥሩ ሰውንም ግንበኛውንም ከለከለ፤ በዚህ ምክንያት ከከተማው አፍንጫ ሥር ማንግሮቭ የሚባለው የጨው ውኃ ዛፍና ረግረጉ ሳይነካ ቀረ። ጥቁር ዝይ የሚመስሉት ረጅም አንገት ወፎች ስዋን ናቸው። ፊት ለፊቱ ያለው ውኃም ከ2002 ጀምሮ የተጠበቀ ስለሆነ ማጥመድም ዛጎል መልቀምም ክልክል ነው።

መመለሻው ሁለት ነው፤ ወይ በመጣችሁበት ባቡር፣ ወይ በጀልባ። ገንዘብ ካላችሁ በጀልባው ተመለሱ። ከጄም ፒር ተነስቶ በያራ ወንዝ ላይ ሽቅብ ወደ መሀል ከተማ ይወስዳችኋል። ክፍያው ከባቡሩ ይበልጣል፣ ከሁሉ ቀድማችሁ የመጨረሻው ጉዞ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። በመንገድ ላይ በዌስት ጌት ድልድይ ሥር ታልፋላችሁ። በኦክቶበር 15 ቀን 1970 በግንባታ ላይ ሳለ ተደርምሶ 35 ሠራተኞች የሞቱበት ድልድይ ነው፤ ተሠርቶ የተከፈተው በ1978 ነው። ዛሬ የእኛ የታክሲና የጭነት መኪና ሾፌሮች ቀን ከሌት የሚመላለሱበት መንገድ እሱ ነውና ለልጆቹ ከሥሩ ሆናችሁ አሳዩአቸው፣ ታሪኩንም ንገሯቸው። ጀልባው ሳውዝባንክ ሲያደርሳችሁ ወንዙን በእግር ተሻግራችሁ ፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ ግቡ፤ ወደ ፉትስክሬይ የሚሄድ ባቡር ከዚያ አይጠፋም። እናታችን ደክሟቸው እንቅልፍ ሊወስዳቸው ይችላልና ጥግ ያለውን ወንበር ያዙላቸው።