ከሚዛኑ በፊት፦ በልብ ድካም ሕሙማን ሳንባ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ በተለባሽ መሣሪያ መከታተል

የልብ ድካም የጠናበት ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የሚናገረው ተቀራራቢ ነው፦ ሦስት ትራስ ካልደራረበ አይተኛም፤ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ይነሳል፤ ጫማው አልገባ ብሎታል። ነገሩ የጀመረው ግን ያን ሌሊት አይደለም። በልብና በሳንባ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ግፊት ምልክት ከመታየቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ቀድሞ ከፍ እንደሚል በሰውነት ውስጥ የተቀበሩ መለኪያዎች አሳይተዋል። ክብደት የሚጨምረው ዘግይቶ ነው፤ ጭራሽ የማይጨምርበትም ጊዜ አለ። በሆድ ዕቃ ደም መላሾች ውስጥ የነበረው ደም ወደ ደረት ሲዛወር ሳንባ ይጨናነቃል፤ ሚዛኑ ግን ትናንት ያሳየውን ኪሎ ዛሬም ያሳያል። «በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ይደውሉ» የሚለው ምክር ሊተው አይገባም፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ተለባሽ መሣሪያዎች የሚሠሩት በአንድ ቀላል እውነት ላይ ተመሥርተው ነው፦ ጨው ያለበት ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አየር ይከለክላል። ሳንባ ፈሳሽ ሲቋጥር በደረት ላይ የሚለካው የኤሌክትሪክ እንቅፋት ይቀንሳል። ሌላው መንገድ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሴንሲብል ሜዲካል የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ሬድስ የተሰኘ ሰደርያ በደረትና በጀርባ በኩል መዳሰሻ አለው። ሕመምተኛው ለብሶት ለ45 ሰከንድ ይቀመጣል፤ ደካማ ሞገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ተሰልቶ የሳንባው ፈሳሽ በመቶኛ ይወጣል። ከ20 እስከ 35 ያለው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። የዞል ኩባንያ ልጥፍ ደግሞ በደረት ጎን፣ ከብብት በታች ተለጥፎ ፈሳሹን ከልብ ምት፣ ከአተነፋፈስና ከእንቅስቃሴ ጋር አብሮ ይመዘግባል። በዚህ ልጥፍ መረጃ ሕክምናቸው የተመራ ሕሙማን በ90 ቀን ውስጥ በልብ ድካም ዳግም የመተኛት ዕድላቸው በ38 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም መረጃው ሕክምናቸውን የመራላቸውና ያልመራላቸው ሁለቱ ቡድኖች በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ያሻል።

የዚህን ዘርፍ ዋና ትምህርት ያገኘሁት ግን ካልተሳካ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ዶት ኤችኤፍ ደረታቸው ውስጥ የልብ መሣሪያ የተቀበረላቸውን 335 ሕሙማን አካቷል። የአንዱ ቡድን መሣሪያ የፈሳሽ መጨመርን ሲያይ ለሕመምተኛው በድምፅ ያስጠነቅቅ ነበር። በዚህ ቡድን በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛት አልቀነሰም፤ ጨመረ። ከገዛ ደረቱ ደወል የሰማ ሰው ሐኪም ዘንድ መሮጡ አያስወቅሰውም፤ ሐኪሙም የፈራውን ሰው ማስተኛቱ አይገርምም። በዚያው ዓመት የታተመው፣ 550 ሕሙማንን ያካተተው ቻምፒየን ጥናት በአንጻሩ በስድስት ወር ውስጥ በልብ ድካም መተኛትን በ28 በመቶ ቀንሷል። መለኪያው እዚህም የተቀበረ ነው፤ ልዩነቱ የግፊቱ ቁጥር የሚደርሰው የሚያሸናውን መድኃኒት መጠን ለሚያስተካክል ሐኪም መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ተለባሽ መሣሪያ ሲቀርብልን ስለ ትክክለኛነቱ ከመጠየቃችን በፊት ቁጥሩ ሲለወጥ የሚያሸናውን መድኃኒት፣ የፉሮሴማይድን መጠን የሚቀይረው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚቀይርም መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ።

ጉዳዩ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕሙማንን የመዘገበው ቴሰስ ኤችኤፍ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 52 ገደማ መሆኑን፣ የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ መንስኤ የሆነባቸውም ከ8 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ጎልተው የወጡት የደም ግፊት፣ የልብ ጡንቻ ሕመምና የሩማቲክ የልብ በሽታ ናቸው። በሩማቲክ በሽታ ሚትራል ቫልቯ የጠበበባት ወጣት ሳንባዋ ዓመቱን ሙሉ የተጨናነቀ ሊሆን ይችላል፤ ሬድስ የሚጠቀምበት የ35 በመቶ ጣሪያ ለእሷ ላይሠራ ይችላል። ከአንድ ወጥ ጣሪያ ይልቅ የራሷ መነሻ ቁጥር ደህና በሆነችበት ቀን ተለክቶ መያዝ፣ ለውጡም ከዚያ መቆጠር ይኖርበታል። ሌላው ጉዳይ የቆዳ ቀለም ነው፦ በብርሃን የሚሠሩ የኦክስጅን መለኪያዎች በጥቁር ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረትን አብዝተው እንደሚስቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። የኤሌክትሪክ እንቅፋትና የሬዲዮ ሞገድ መለኪያዎች በብርሃን ስለማይሠሩ የቆዳ ቀለም ያስታቸዋል ተብሎ አይጠበቅም። በአገራችን ሊሞከሩ ይገባል የምልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሙከራው ግን ከመሣሪያው ጋር ስልክ የሚያነሳ፣ መጠን የመቀየር ሥልጣን የተሰጠው ነርስና መድኃኒቱ ያላለቀበት ጤና ጣቢያ አብረው የሚመዘኑበት መሆን አለበት።