ጉልበት ከመቀየሩ በፊት የተዘለለው ነገር

በአማርኛ የእግራችን መታጠፊያም፣ ኃይላችንም፣ የቀን ሠራተኛ የሚሸጠውም ነገር ስሙ አንድ ነው፤ ጉልበት። ባሕር ዳር ላይ አንዲት እናት «ጉልበቴ ከዳኝ» ስትል የቱን ማለቷ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ለያዛት ሴት ግን መልሱ ሁለቱንም ነው። በሽታው ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ገና ሠርተው ቤት በሚያቆሙበት ዕድሜ ነው።

በየቤቱ የሚሰማው ክርክር ይህ ነው፦ ጉልበቷ ይቀየር ወይስ አይቀየር? ውጭ ያሉ ልጆች «ገንዘቡን እንልካለን፤ አዲስ አበባ ካልሆነ ሕንድ ትሂድ» ይላሉ። አገር ቤት ያለው ወገን ደግሞ «ጸበሉ እያለ ምን ቢላዋ ያስመኛል» ይላል። እኔ ሁለቱም የዘለሉት ነገር አለ ባይ ነኝ። እሱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ ደራ ወረዳ ውስጥ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ዋንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ አለ። ቁርጥማት የያዘው ሰው ስንቁን ቋጥሮ ይሄዳል፣ ይሰነብታል፣ ቀለል ብሎት ይመለሳል። በዚህ የሚያፌዝ የከተማ ሰው ካለ ዋና ከተማችን እንዴት እንደተቆረቆረች ያስታውስ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ የመጣችው ከዚያ ነው። ሙቀት የተሳሰረ መገጣጠሚያን ያፍታታል፣ ሕመምንም ያስታግሳል፤ ይህ እውነት ነው። እንግሊዞችም ባዝ በምትባል የፍል ውኃ ከተማቸው (ስሟ ራሱ መታጠቢያ ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ1742 ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ሆስፒታል ከፍተው ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የባዙ ሆስፒታል ከዘመኑ ጋር እየተለወጠ የሩማቶሎጂ ብሔራዊ ሆስፒታል ሆነ። የእኛዎቹ ፍል ውኃ ሆነው ቀሩ።

ወጌሻውንም እንዲሁ። የወለቀ ትከሻ በመመለስ እጃቸው የሚመሰገን ወጌሾች አሉን። ሩማቶይድ ግን ወለምታ አይደለም። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል በገዛ መገጣጠሚያው ላይ የሚዞርበት በሽታ ነው። መጀመሪያ የመገጣጠሚያው ስስ ሽፋን ያብጣል፤ ቀጥሎ ልም አጥንቱ ይበላል፤ ከዚያም አጥንቱ ራሱ። እንዲህ ያበጠ ጉልበት ሲታሽና ሲሳብ ይብሱን ይቆጣል።

ሰው ሠራሹ ጉልበት የትናንት ፈጠራ ይመስለናል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። ቴሚስቶክለስ ግሉክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ውስጥ ቲቢ ጉልበቷን ላበላሸው ልጃገረድ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ ተከለ። እንዲህ ያሉት ሥራዎቹ ግን አልዘለቁም። ቲቢው ውስጥ ለውስጥ ነበረና እያመረቀዘ አፈረሰበት። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ያሸነፈው ከሥር ያልታከመው በሽታ ነው።

ዘመናዊው ጉልበት የተወለደው እንግሊዝ አገር ራይቲንግተን በተባለ ሆስፒታል ነው፤ እሱም ቀድሞ የቲቢ ሕሙማን ማቆያ ነበር። ጆን ቻርንሊ ሰው ሠራሽ ዳሌን እዚያ ካሳካ በኋላ፣ ፍራንክ ጋንስተን የሚባል ካናዳዊ እ.ኤ.አ. በ1968 በብረትና በፕላስቲክ የተሠራ ጉልበት ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ጆን ኢንሳልና ባልደረቦቹ ዛሬ ለሚተከሉት መሠረት የሆነውን ቅርጽ አወጡ። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ብዙዎቹ ሩማቶይድ ያለባቸው ነበሩ። ማለትም ይህ ቀዶ ሕክምና ለእነሱ የማይሆን ነው የሚለው የሰፈር ወሬ ታሪክ አያውቅም።

መድኃኒቱ በሌላ መንገድ መጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1948 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች ከአልጋ መነሳት ላቃታት የ29 ዓመት ሴት ኮርቲዞን ወጋት፤ በሳምንቷ ገበያ ወጣች። በሁለት ዓመት ውስጥ ኖቤል ተሸለሙበት። ዕዳው ቆይቶ መጣ፤ የአጥንት መሳሳት፣ ስኳር፣ ኢንፌክሽን። እኛ ጋ ይህ ምዕራፍ ገና አልተዘጋም፤ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞንን እንደ ሕመም ማስታገሻ ለወራት የሚወስድ ሞልቷል። ዋናው ለውጥ ግን ሜቶትሬክሴት ነው። ለካንሰር የተሠራው ይህ አሮጌ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ለሩማቶይድ ተፈቀደ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ደምና ጉበት በየጊዜው እየተመረመረ ይወሰዳል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በጊዜ ሲጀመር መገጣጠሚያው ሳይበላ ያቆየዋል። እሱና ተከታዮቹ ከመጡ ወዲህ በአሜሪካና በሰሜን አውሮፓ በሩማቶይድ ምክንያት የሚቀየር ጉልበት ቁጥሩ ቀንሷል።

እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። የአጥንት ሐኪም ጥቁር አንበሳ ላይ መሠልጠን ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ባሕር ዳርም በ1950ዎቹ የተመሠረተው ፈለገ ሕይወትና አዲሱ ጥበበ ግዮን የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አሏቸው፤ አብዛኛው ጊዜያቸው በመኪና አደጋና በጥይት ቢያልቅም። የሩማቶሎጂ ሐኪም ግን በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ታማሚዋ ከክኒኑ በፊት ከመጋዙ ጋር ትተዋወቃለች። ልጆቿም «ጉልበቷ ይቀየር» ሲሉ በሽታው የተቀመጠው ጉልበቷ ላይ ብቻ ይመስላቸዋል።

አቋሜን ልናገር። ጉልበቱ የሚያብጥና የሚያተኩስ ሆኖ ታማሚዋ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት በወጉ ወስዳ የማታውቅ ከሆነ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ለሐኪምና ለመድኃኒት ይውጣ። ብረቱ ጣቶቿን አያድንም። በራጅ ልም አጥንቱ ካለቀ፣ ጉልበቱ ተቆልምሞ አልዘረጋ ካለ፣ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳ ግን ፍርሃት ብቻውን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። በቆየ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ እግሩም እንደታጠፈ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ከተተከሉ ጉልበቶች 82 ከመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል፤ አብዛኞቹ ግን የዕድሜ መገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ናቸው።

ቀኑ ከተቆረጠም በኋላ መድኃኒቱን «ለቀዶው ሲባል» አቁሚ የሚል መካሪ አይጠፋም። እዚያው ራይቲንግተን 388 ሕሙማን ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ነበር። ሜቶትሬክሴት ሳያቋርጡ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 2 ከመቶው ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ችግር ሲገጥማቸው፣ ካቋረጡት 15 ከመቶው ገጥሟቸዋል። እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉት አዳዲስ መርፌዎች ግን ቀዶው በሚደረግበት ሰሞን ይዘለላሉ፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሩማቶይድ የአንገት አጥንትንም ስለሚያላላ ከማደንዘዣ በፊት የአንገት ራጅ መጠየቅ አይዘንጋ።

ስግደትን የሚመለከት ጥያቄም አለ፤ ሐኪሞች አያነሱትም፣ እናቶች ግን ከሁሉ አስቀድመው ያስቡታል። የተቀየረ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይታጠፋል። በወንበር ለመቀመጥና ደረጃ ለመውጣት ይበቃል፤ ቁጢጥ ለማለትና ተንበርክኮ ለመስገድ ግን አይበቃም። ቤት ውስጥ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት ያስፈልጋል። በበሽታው ጣቶቿ ለተጣመሙ ሴት ክራንች መጨበጥም ቀላል ስላልሆነ ክንድ የሚያሳርፍ ዓይነት ይፈለግላት። ይህ ሁሉ ለታማሚዋ አስቀድሞ ይነገራት፤ ምርጫው የእሷ ነው።

ገንዘቡ ከተገኘም መንገዱ አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሩ በገበያ ሲተመን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም። የተተከለ ጉልበት በሦስተኛው ሳምንት ቀልቶ ፈሳሽ ቢያወጣ በቀናት ውስጥ ተከፍቶ መታጠብ ይኖርበታል፤ ያን ቀን ቀዶ ሐኪሙ ያለው ዴልሂ ነው። ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ባሕር ዳር ላይ ማን እንደሚቀበላት በስም ይታወቅ፤ ስትመለስም የተተከለው ጉልበት ዓይነት፣ መጠንና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከፓስፖርቷ ጋር ይያዝላት።