ከሙቀጠም ተራራ የሚነበብ ጽሑፍ

እስቲ ዛሬ ተያይዘን ወደ ካይሮ እንሂድ፤ መንገዱ ጠባብ ነውና ቀስ እንበል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሙቀጠም ተራራ አለ፤ ስምዖን ጫማ ሰፊው በጸሎቱ ከስፍራው አነቃነቀው ሲባል እየሰማን ያደግነው ያ ተራራ ነው። ከሥሩ በመንሺየት ናስር ውስጥ ያለ አንድ ሰፈር ተጠግቶ ተቀምጧል፤ ነዋሪዎቹም አብዛኞቹ የግብጽ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው።

አባቶቻቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ኑሮ ቢከብዳቸው ከላይኛው ግብጽ ተነሥተው መጡ፤ መጡና ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲገፉ ከርመው በመጨረሻ ከዚህ ተራራ ሥር ሰፈሩ፤ ከዚያም የካይሮን ቆሻሻ ከየደጁ እየለቀሙ፣ ወረቀቱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ እየለዩና እየሸጡ፣ የምግብ ትራፊውን ለአሳሞቻቸው እየሰጡ ልጆች አሳደጉ። ከተማው ግን ሽታቸውን እንጂ ሥራቸውን አላየላቸውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 የአሳማ ጉንፋን ወሬ ሲነሣ መንግሥት የአገሩ አሳማ በሙሉ ይታረድ ብሎ አዘዘ፤ ታረደም፤ ከዚያም ትራፊውን የሚበላው ጠፋና ቆሻሻው በየመንገዱ ተከመረ። ያን ጊዜ ካይሮ ማን ሲያጸዳት እንደኖረ በአፍንጫዋ አወቀች።

ከዓመታት በኋላ ኤል ሲድ የሚባል ሠዓሊ መጣ። ከቱኒዚያውያን ወላጆች ፓሪስ የተወለደ፣ የአባቶቹን ፊደል መጻፍ ጎረምሳ ከሆነ በኋላ የተማረ፣ የአረብኛን የቁም ጽሕፈት ከግድግዳ ሥዕል ጋር ያጋባ ሰው ነው። በእምነቱ ሙስሊም ቢሆንም ለዚህ ክርስቲያን ሰፈር የሚስማማ ቃል ፈለገ፤ ፈለገና የእስክንድርያውን ፓትርያርክ የቅዱስ አትናቴዎስን ቃል አገኘ። አትናቴዎስን እኛም እናውቀዋለን፤ በ4ኛው መቶ ዘመን አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እሱ ነው። የቃሉም ምሥጢር፣ የፀሐይን ብርሃን አጥርቶ ማየት የሚሻ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ የሚል ነው።

ሠዓሊው በመጀመሪያ የሰፈሩን ቄስ ደጅ ጠና፤ ቄሱም ፈቀዱለት፤ ከዚያም በፈረንጆቹ 2016 ከባልደረቦቹ ጋር ገብቶ፣ ልስን በሌለው ቀይ ጡብ ላይ፣ በእጅ በሚሳብ ማንሻ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሃምሳ ያህል ሕንፃዎችን በነጭ፣ በብርቱካንማና በሰማያዊ ቀለም ያዳርስ ጀመር። ከታች ያሉት እናቶች ቆሻሻ እየለዩ ቀና ብለው ያዩታል፤ አንዱ ቤት ላይ ያለው አንዲት ቅስት ብቻ ነው፣ ሌላው ላይ ከፊደል ግማሽ የማይሞላ፣ ሦስተኛው ላይ ቀለም ብቻ። ቤተኛ ሲሆን ደግሞ ግባ ይሉታል፣ ምግብ ያቀርቡለታል፤ እሱም ሊያስውበው በመጣው ሰፈር ወዳጅ አፈራ።

ያን ጽሑፍ ሙሉውን ለማየት ሙቀጠም ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ከተራራው አንድ ስፍራ ላይ ሲቆሙ የተበተነው ቅስት ሁሉ ተገጣጥሞ፣ ከጣሪያ ጣሪያ ተሻግሮ፣ አንድ ታላቅ ክብ ጽሑፍ ይሆናል። ልብ በሉልኝ፣ በዚያው ተራራ ከዓለት ተፈልፍለው ወደተሠሩት ወደ ስምዖን ገዳም አብያተ ክርስቲያናት የሚያወጣው መንገድ የሚያልፈው በዚያው ሰፈር መሃል ነው፤ የቆሻሻ ጆንያ በጫኑ መኪናዎችና በሚለቅሙት ሰዎች አጠገብ እያለፉ ነው የሚወጡት። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሠዓሊው ለካይሮ ያላት ይህን ነው፦ እነዚህን ሰዎች ከሩቅ ሆነሽ ፈርደሽባቸዋል፣ ነይና በደጃቸው እለፊ። እኛም ጠዋት ጠዋት ከደጃችን ቆሻሻ የሚያነሡልን ሰዎች አሉን፤ ስማቸውን እንጠይቅ፣ እንደምን አደራችሁ እንበላቸው፤ ዓይን መጥረግ የሚጀመረው ከዚያ ነው።