ዓምድ መሰል ድቅል ኦክ፦ ውርሱና የአስተዳደግ ፍላጎቱ

በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ለጠባብ የመንገድ ዳርቻዎች ከሚመረጡት ዛፎች አንዱ ከርከስ ዋሬይ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ድቅል ኦክ ነው። ስያሜው በኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው የሞርተን አርቦሬተም፣ ማለትም የዛፎች ጥናትና ማሳያ ሥፍራ፣ ላገለገሉት ተመራማሪ ለጆርጅ ዌር መታሰቢያ የተሰጠ ነው።

የዛፉ ዓምድ መሰል ቁመና ከአውሮፓዊው ወላጁ፣ ከእንግሊዝ ኦክ፣ የተወረሰ ነው። የእንግሊዝ ኦክ በተፈጥሮው ቅርንጫፎቹን በሰፊው የሚዘረጋ ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ሰብስቦ የሚያሳድገው ልዩ ዓይነቱ በአብዛኛው የተስፋፋው በጀርመን ሄሰን ግዛት በሃረስሃውዘን መንደር አጠገብ ከሚገኝ አንድ ጥንታዊ ዛፍ በክተባ፣ ማለትም ቀንበጡን በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማጣበቅ፣ እየተባዛ ነው። ይህ ዓይነት ለመልኩ ቢወደድም ከባድ ድክመት አለበት፤ ቅጠሎቹን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚያስመስል የሻጋታ በሽታ ያጠቃዋል። ሁለተኛው ወላጅ፣ በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ረግረጋማ መሬት የሚበቅለው ነጭ ኦክ፣ በሽታውን በተሻለ ይቋቋማል፤ ከድቅሉ የተመረጡት ዛፎችም ቅጠላቸው ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥር የነጣ ሆኖ፣ የአንዱን ቁመና ከሌላው ጤንነት ጋር አጣምረው ይገኛሉ። ይሁንና ይህ ጥምረት በዘር የሚጸና አይደለም፤ ከድቅሉ ፍሬ የሚበቅሉት ችግኞች እርስ በርስ ስለሚለያዩ፣ ተፈላጊው ባሕርይ የሚጠበቀው ከተመረጠው ዛፍ አካል በማባዛት ብቻ ነው።

ሪጋል ፕሪንስ የተባለው ምርጥ ዝርያ ከ12 እስከ 18 ሜትር ቁመትና ከ6 እስከ 7.5 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ኪንድረድ ስፒሪት የተባለው ግን 10 ሜትር ገደማ ቢረዝምም ስፋቱ 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ዛፉ ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበትን ሥፍራ ይሻል፤ ከረግረግ ወላጁ በወረሰው ባሕርይ ለጊዜው ውሃ የሚተኛበትን መሬት ይችላል፣ በደንብ ሥር ከሰደደ በኋላም ድርቅን ይቋቋማል። ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የአፈሩ ጠባይ ነው። ኖራ በበዛበት አፈር ሥሩ ብረት መሳብ ስለሚሳነው፣ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍል ይገረጣል፤ ስለዚህ መጠነኛ አሲዳማነት ያለው አፈር ተመራጭ ነው። ቅርንጫፍ መግረዝም በቅዝቃዜው ወራት፣ ዛፉ ዕድገቱን ባቆመበት ጊዜ፣ ሊከናወን ይገባል፤ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ የተቆረጠ ቁስል ጥንዚዛዎችን ስለሚስብ፣ እነርሱ ኦክን የሚያጠወልገውን ፈንገስ ተሸክመው ወደ ዛፉ ያስገባሉና። የአክሊሉ ጥበት የሥሩን ጥበት አያመለክትም፤ ሥሩ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ስለሚዘረጋ፣ በእግረኛ መንገድና በአስፋልት መካከል ለሚተከል ችግኝ የሚመደበው የአፈር ስፋት በቁመናው ቅጥነት ሊለካ አይገባም።