ከሐር ልብስ እስከ ፋርማሲው ክሬም፦ የሕፃናት ችፌ ረጅም ታሪክ



ሕፃን ልጅ ጉንጩንና የክርኑን እጥፋት ሲያክክ የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። እናት «ወተቱ ነው» ትላለች፣ አያት «የለም ዕንቁላሉ ነው» ይላሉ፣ ጎረቤት ደግሞ ለራሷ ልጅ የሠራላትን ቅባት ይዛ ትመጣለች። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ከሙስሊሙ ዓለም የወጡ ሐኪሞችም ሰፊ ቦታ ይዘውበታል።

ከሐር እንጀምር። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍና ለዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ሰውነታቸውን ያሳክካቸው ስለነበር ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ሐር ለወንድ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዑለማዎች ይህን ሐዲስ የሚያነሱት በሕመም ምክንያት ስለሚሰጥ ሩኽሳ ሲያስተምሩ ነው። ሕመሙ ችፌ ነበር ማለት አንችልም፤ በሌላ ዘገባ ምክንያቱ ቅማል እንደነበር ተጠቅሷል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ችፌ ያለባቸው 300 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ለችፌ ተብሎ የሚሸጥ የሐር ልብስ በተለመደው ሕክምና ላይ ሲጨመር ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። ይህን የሰማ ወንድም ሊከፋው አይገባም፤ ሐዲሱ ስለ ፈቃድ እንጂ ሐር ቆዳን ይፈውሳል ብሎ አልተናገረም። እኛ የምንለው ውድ የሆነ የሐር ልብስ ለመግዛት አትበደሩ ነው። ለስላሳ ጥጥ ይበቃል፤ ሻካራ ሱፍ ግን ከልጁ ቆዳ ይራቅ።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ925 አካባቢ ያረፈው አቡበክር አር-ራዚ በፈንጣጣና በኩፍኝ መካከል ያለውን ልዩነት በማስረዳቱ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ስለ ሕፃናት በሽታዎች ብቻ አንድ አጭር ድርሳን መጻፉን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ድርሳን በላቲን ትርጉም አውሮፓ ደርሶ ለዘመናት ተነቧል። በውስጡ ከሚነሱት ሕመሞች አንዱ በሕፃናት ራስ ላይ የሚወጣው ቁስል፣ በዐረብኛ «ሰዕፋ» የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን በዚህ አንድ ስም ስር ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመም ይጠቃለል ነበር፤ ዛሬ የሕፃናት ችፌ የምንለውም ከእነርሱ መካከል ሳይኖር አይቀርም። በዚያው ክፍለ ዘመን የቀይረዋኑ ኢብኑል ጀዛር ስለ ልጆች አስተዳደግና ጤና ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል።

ኢብን ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን» በተባለው ሥራው ውስጥ ለጡት ጠቢ ሕፃናት ክፍል ሰጥቷል። እርሱ ዘንድ የሚጠባ ልጅ ሲታመም አስቀድሞ የሚታየው የአጥቢዋ ምግብ ነው። ምክንያቱም በዘመኑ ሕክምና ጤና ማለት የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ነበር፤ ወተት ደግሞ ከእናት ደም ይሠራል ተብሎ ይታመን ነበር። ኤክዜማ የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ «ገንፍሎ መውጣት» ማለት ነው፤ ከውስጥ የፈላ ነገር በቆዳ በኩል ወጣ እንደማለት። ልብ በሉ! ዛሬ በሰፈራችን ለምታጠባ እናት «ይህን አትብዪ፣ ያንን አትብዪ» የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ አሮጌ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። ሐሳቡ ለዘመኑ ብልህ ነበር። ዛሬ ግን እናት ከምግብ ስለታቀበች የልጅ ችፌ እንደሚከላከል ጥናቶች አላሳዩም፤ የምትጎዳው እናቲቱ ናት።

ቅባቱ ላይ ግን የቀደሙት ሰዎች ከምናስበው በላይ ቀርበው ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጋሌኖስ ሰም፣ የጽጌረዳ ዘይትና ውሃ ቀላቅሎ ቅባት ያዘጋጅ ነበር። ሰምና ዘይት የሚቀላቀልበት ይህ ዓይነቱ ቅባት «ቀይሩጢ» በሚል ስም ወደ ዐረብኛ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካዊው ሮበርት ቼዝብሮ ከነዳጅ ጉድጓድ ዝቃጭ የተጣራውን ቫዝሊን የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። የሁሉም ሥራ ያው ነው፦ በቆዳ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይተን መክደን። ስለዚህም ልጁ ለብ ባለ ውሃ ለአጭር ጊዜ ታጥቦ ገላው ገና እርጥበት እያለው ወፈር አድርጎ መቀባት ሽታ ካለው ውድ ሎሽን ይበልጣል።

ቆዳው ውሃውን ለምን አይዝም? እ.ኤ.አ. በ2006 በስኮትላንድ ዳንዲ የተመራ ጥናት ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድል የዘር ለውጥ ከችፌ ጋር አያያዘ። አምስት ዓመት ቆይቶ የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ ያንኑ ሲፈልጉ አውሮፓ ውስጥ የተለመዱትን ለውጦች አላገኙም። የእኛ ልጆች ችፌ ሌላ መንገድ አለው ማለት ነው፤ የፈረንጅ መጽሐፍ ብቻ እንደማይበቃ ያሳያል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ቀደም ሲል ኮርቲዞን ቆዳ ላይ ሲቀባ አልሠራም ነበር። ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን ግን ተቀብቶ እንደሚሠራ አሳዩ። እውነተኛ ኒዕማ ነበር። ዛሬ ግን በሁለት ጫፍ እየተጎዳን ነው። አንዳንዱ ወላጅ «ስቴሮይድ» የሚለውን ሲሰማ ፈርቶ ሐኪም ያዘዘውን ሳይቀባ ልጁን ያሳክከዋል። ሌላው ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ፊታቸውን ለማቅላት የሚቀቡትን ብርቱ ክሎቤታዞል ያለ ማዘዣ ገዝቶ የሕፃን ጉንጭ ላይ ለወራት ያሻል። ይህ ቆዳን ያሳሳል፣ ወደ ደምም ሊገባ ይችላል። ለፊት ደካማው፣ ለቁጥር ቀናት፣ በሐኪም ትእዛዝ፤ ሁለቱ ጫፎች የሳቱት ይህን ነው።

ስለ ምግብ የመጨረሻው ትልቅ ታሪክ የለውዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በዘሩ አለርጂ ያለበት ልጅ እስከ 3 ዓመቱ ለውዝ እንዳይቀምስ መከረ፤ በ2008 ምክሩን አነሳ። ከዚያም ለንደን ውስጥ ብርቱ ችፌ ወይም የዕንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ፦ ግማሾቹ ለውዝ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እንዲታቀቡ። ውጤቱ በ2015 ሲወጣ፣ ሲጀመር በቆዳ ምርመራ ነጻ ከነበሩት ውስጥ 5 ዓመት ሲሞላቸው ከታቀቡት 13.7 በመቶው፣ ከበሉት ግን 1.9 በመቶው ብቻ የለውዝ አለርጂ ያዛቸው። ሱብሓነላህ! ጥበቃ የተባለው ነገር ራሱ በሽታውን ያበዛ ነበር።

ለውዙ ችፌውን አላዳነም፤ የተከላከለው የለውዝ አለርጂን ነው። ብርቱ ችፌ ያለበት ሕፃን ለውዝ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ሲሰጠውም ተፈጭቶና ቀጥኖ እንጂ ፍሬው አይሰጥም፣ ያንቀዋልና። ዕንቁላል ወይም ወተት በቀመሰ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ሰውነቱ የሚንደበደብ ወይም የሚያስመልሰው ልጅ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ያ ምግብ ቆሞለት በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፣ መተንፈስ ካቃተው ደግሞ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም። ይህ ምልክት ሳይኖር በግምት ብቻ ወተቱም ዕንቁላሉም የተነሣበት ልጅ ግን ማከኩ ሳይቀርለት ክብደቱ ይቀንሳል።