መቃብሩ የተሰወረው ፓትርያርክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሰቆጣ አቅራቢያ ከዓለት ተፈልፍሎ ወደ ታነጸው ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሄደ ሰው የቀደሙት የዋግ ሹሞች አስክሬን በሣጥን ተጠብቆ ይመለከታል። ከዝቋላ እስከ ሰቆጣ ያለው የዋግ ሕዝብ ሙታኑን በክብር ያኖረ ሕዝብ ነውና አስክሬን መከልከል ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስተዋል አይቸገርም።

ታሪካችን ሁለት ዓይነት ግፍ አሳይቶናል። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሲገደሉ፣ ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ሕዝቡ እንዲያየውና እንዲሸበር አደረገ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው የደርግ መንግሥት ደግሞ ብዙዎችን ገድሎ ደብቆ ቀበረ። የፊተኛው ሞቱን በማሳየት አስፈራራ፤ የኋለኛው ግን ሞቱንም መቃብሩንም በመሰወር። ዛሬ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ከተሰወሩት አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን አባት ነበሩ።

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልደው፣ በ1940 ዓ.ም. ጵጵስና ተሹመው በሐረር አገልግለዋል። ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ቅዱስነታቸው ያለ መንግሥት ፈቃድ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳትን በመሾማቸው፣ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። ከሦስቱ ተሿሚዎች አንዱ፣ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ፣ እስከ 1975 ዓ.ም. በእስር ቆይተዋል።

ቅዱስነታቸው በሕይወት ሳሉ በ1968 ዓ.ም. ክረምት ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ይህ ቀኖናን የጣሰ ነው ብላ ሹመቱን አልተቀበለችም። ነሐሴ 8 ቀን 1971 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ ፍርድ በስውር ተገደሉ። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከመንገድ ተጠልፈው ተገድለዋል። ገዳዩ በሃይማኖት አልለየም።

መንግሥት ሞታቸውን አላወጀም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ለገዛ ፓትርያርኳ በአደባባይ ጸሎተ ፍትሐት ማድረስ፣ አርባውንና ሰማንያውን ማውጣት፣ በሙት ዓመቱ መታሰቢያ ማድረግ አልቻለችም። ሰውን መሰወር ከመግደል የሚለይበት ይህ ነው። ግድያ የአንድን ሰው ሕይወት ይነጥቃል፤ መሰወር ግን በሕይወት ያሉትንም ይይዛል። እናት እንዳታለቅስ ልጇ ይመጣል የሚል ተስፋ ይከለክላታል፤ ተስፋ እንዳታደርግ ደግሞ ዓመታቱ ይመሰክሩባታል። ሚስት ባሏ የታሰረ ይሁን የሞተ ሳታውቅ ትኖራለች።

እስኪ ቀኑን እናስተውል። ነሐሴ 8 በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ቅዱሳን ሐዋርያት የእመቤታችንን ሥጋ አግኝተው ይቀብሩ ዘንድ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በጾምና በጸሎት ሱባዔ ገብተው፣ በሁለተኛው ሱባዔ መጨረሻ ተሰጣቸው። ምእመናን ይህን እያሰቡ በሚጾሙበት በዚያ ሳምንት የአባታቸው ሥጋ ተሰወረባቸው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ጉዳይ ቀላል አያደርጉትም። ሪጽፋ የተገደሉትን ልጆቿን ሥጋ የሰማይ ወፍና የምድር አውሬ እንዳይነካው ሌሊትና ቀን ጠበቀች፤ ንጉሥ ዳዊትም ይህን ሰምቶ አፅሙን ሰብስቦ አስቀበረ። ጦቢት ንጉሥ የገደላቸውን ወገኖቹን በስውር በመቅበሩ ለስደት ተዳረገ። የአርማትያሱ ዮሴፍ ወደ ጲላጦስ ገብቶ የጌታን ሥጋ ለመነ፤ ጲላጦስ እንኳ አልከለከለውም። ቃየን ግን ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ አላውቅም አለ። ወገናቸው የተወሰደባቸው ቤተሰቦች ከየእስር ቤቱ ደጃፍ ይሰሙት የነበረው መልስ ይኸው የቃየን መልስ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ምድሪቱ የተሰወረውን መለሰች። በ1984 ዓ.ም. የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም ከተደበቀበት ወጥቶ፣ ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፈ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የሞቱት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አፅማቸው በዚያው ዓመት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በየጅምላ መቃብሩ የተገኙትን ወጣቶች ማንነት ለመለየትም፣ በሀገራቸው ተመሳሳይ ግፍ የደረሰባቸው የአርጀንቲና ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። ብዙዎች ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ውድ አንባቢ ሆይ! በቤትህ ወይም በአጥቢያህ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ካለ፣ ታሪኩን የሚያውቁት አረጋውያን ሳያልፉ ጠይቅ። ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የተወሰደበትን ቀንና ቦታ ጻፍ። በጸሎት እንዲታሰብም ለንስሐ አባትህ ንገር። ይህን የምታደርገው ቂምን ለማቆየት አይደለም፤ በደለኛውን ለእግዚአብሔርና ለሕግ ተውለት። የወንድምህን ስም መጠበቅ ግን የአንተ ድርሻ ነው። ለአንድ ፓትርያርክ የተደረገው ክብር ስሙ ላልታወቀው ተማሪና ገበሬም ይገባዋል፤ ሁለቱም በአንዲት ጥምቀት የተወለዱ፣ በአንዲት ትንሣኤ የሚነሡ ናቸውና።

እግዚአብሔር የተሰወሩትን ነፍሳት በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ የሚጠባበቁትንም ያጽናናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።